ነጭ ዓሣን በሎሚና በጦስኝ ሳይደርቅ መጋገር፦ ከገበያ እስከ ገበታ

በአገራችን ዓሣ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ቀድሞ የሚሄደው ገላው በቢላ ተተልትሎ በጋለ ዘይት ወደተጠበሰውና ከዳጣ ጋር ወደሚቀርበው ዓሣ ነው። በሐዋሳ አሞራ ገደል ወይም በአርባ ምንጭ ከሐይቁ ዳር ተቀምጦ ይህንን የበላ ሰው ጣዕሙን አይረሳውም፤ እኔም አሠራሩን ለመንቀፍ አልተነሣሁም። ሆኖም በቤት ውስጥ ለቤተሰብ፣ በተለይም ሕፃናትና አረጋውያን ላሉበት ቤት ዓሣ ሲዘጋጅ ድስት ሙሉ ዘይት ማፍላት ግድ አይደለም። በኦቨን የሚጋገር ነጭ ዓሣ የሚፈልገው ዘይት ጥቂት ነው፤ ቤቱንም በጥብስ ሽታ አይሞላውም፤ አትክልቱን ማብሰልን ጨምሮ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ለገበታ ይደርሳል።

ይህንን ሞክረው «ደረቀብን፣ እንደ ጥጥ ሆነብን» ብለው የተዉትን ሰዎች በቅርብ አውቃለሁ። ጠጋ ብዬ ስጠይቅ ምክንያቱ ሁልጊዜ ከሁለቱ አንዱ ሆኖ አገኘዋለሁ፦ ዓሣው እንደ በግ ሥጋ ረጅም ጊዜ በእሳት ላይ ቆይቷል፣ ወይም ከሌሊቱ ጀምሮ በሎሚ ተዘፍዝፎ አድሯል። ስለዚህ ቀጥሎ የማቀርበው መመሪያ ሌሎቹን ነገሮች ሁሉ ቢዳስስም ዋናው ጉዳዩ ጊዜ ነው፤ እሳቱ የሚቆይበት ጊዜ እና ሎሚው የሚገባበት ጊዜ።

የዓሣው ምርጫ

ነጭ ዓሣ በሚለው ስም ሁለት ነገር ይጠራል። አንደኛው ሥጋው ነጭ የሆነና ስቡ አነስተኛ የሆነ ማንኛውም ዓሣ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በጫሞና በአባያ ሐይቆች እንዲሁም በባሮ ወንዝ የሚገኘው፣ በውጭው ዓለም ናይል ፐርች ተብሎ የሚታወቀውና አገራችን ውስጥ «ነጭ ዓሣ» ብለን በስሙ የምንጠራው ትልቁ ዓሣ ነው። ለዚህ አሠራር ሁለት ዓሦች ይስማማሉ፤ ይኸው ነጭ ዓሣ እና ከዝዋይ፣ ከሐዋሳ፣ ከጣናና ከሌሎችም ሐይቆች የሚወጣው ቆሮሶ፣ ማለትም ቲላፒያ። ቆሮሶ ቀጭን ፊሌቶ ስለሚወጣው ቶሎ ይበስላል፤ ነጭ ዓሣ ግን ወፍራም ሆኖ ሊቆረጥ ስለሚችል ለስሕተት ትንሽ ጊዜ ይሰጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው ነጭ ዓሣ ካገኘ በእርሱ ቢጀምር እመርጣለሁ። አምባዛ ስቡ ከፍ ያለና ጠረኑም ጠንከር ያለ ስለሆነ ከበርበሬና ከቲማቲም ጋር በወጥ መልክ ቢሠራ ይሻለዋል።

በውጭ አገር የሚኖሩ አንባቢዎች በአሜሪካና በአውሮፓ ኮድ ወይም ሃዶክ፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሐሙር፣ በእስራኤል ደግሞ አምኖን በሚል ስም የሚሸጠውን ያንኑ የእኛን ቆሮሶ የመሰለ ዓሣ ሊጠቀሙ ይችላሉ። የባሕር ዓሣ ከሐይቅ ዓሣ በተሻለ አዮዲን ይዟል፤ የመጋገሩ ሥርዓት ግን አንድ ነው።

ሙሉ ዓሣ የሚገዛ ሰው ዐይኑን ይመልከት፤ የጠራና ወደ ውጭ ጎበጥ ያለ እንጂ የደፈረሰና የሰረጎደ መሆን የለበትም። ከጭንቅላቱ ጎን ያለውን ክዳን ገልጦ መተንፈሻውን ይይ፤ ደማቅ ቀይ ከሆነ ትኩስ ነው፣ ወደ ቡናማ ወይም ግራጫ ከተለወጠ ቆይቷል። ሥጋውን በጣት ሲጫኑት ተመልሶ ይነሣል። ጠረኑ የሐይቅ ውኃ ጠረን ቢሆን ችግር የለውም፤ አፍንጫን የሚወጋ ሽታ ካለው ግን ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ ትተውት ይሂዱ። ፊሌቶ ሲገዙ ዐይንና መተንፈሻ ስለማይታይ መልኩ ላይ ያተኩሩ፤ ሥጋው የሚያብረቀርቅና እርስ በርሱ የተያያዘ፣ ጠርዙ ያልጠቆረ፣ ዕቃው ሥር ነጭ ውኃ ያልተጠራቀመበት ይሁን። ከአርባ ምንጭ አዲስ አበባ የሚደርሰው ዓሣ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ስለሚመጣ ጥራቱን የሚወስነው በረዶው ነው። ስለዚህ ሻጩ ዓሣውን በበረዶ ላይ ያስቀምጥ እንደሆነ ማየት ዋጋ ከመጠየቅ ይቀድማል።

አንድ ስሌት አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። ከሙሉ ቆሮሶ የሚገኘው ንጹሕ ፊሌቶ ከክብደቱ ሲሶ ያህል ብቻ ነው። ለአራት ሰው የሚበቃ 700 ግራም ፊሌቶ ለማግኘት ወደ 2 ኪሎ ሙሉ ዓሣ ያስፈልጋል ማለት ነው፤ የፊሌቶው ዋጋ ከፍ ማለቱ ከዚህ የመጣ ነውና ነጋዴውን ያለ አግባብ አይጠርጥሩት። ጭንቅላቱንና አጥንቱን የሚወስድ ሰው ደግሞ መልካም የዓሣ ሾርባ ይሠራበታል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለአራት ሰው 700 ግራም የቆሮሶ ወይም የነጭ ዓሣ ፊሌቶ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ የወይራ ወይም የሱፍ ዘይት፣ 4 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ 1 የሻይ ማንኪያ የደረቀ ጦስኝ (እርጥብ ከሆነ ከዚህ እጥፍ)፣ አንድ ትንሽ ዘለላ የጥብስ ቅጠል፣ አንድ እፍኝ እርጥብ የድንብላል ቅጠል ወይም ፐርስሊ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ልክ ጨው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተወቀጠ ቁንዶ በርበሬ፣ አንድ ትልቅ ቀይ ሽንኩርት፣ ሁለት ጠንካራ ቲማቲም፣ አንድ ቃሪያ እና ሎሚ ይዘጋጃል።

ስለ ሎሚው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ከውጭ አገር የተቀዱ አሠራሮች «ሎሚ» ሲሉ የሚያስቡት ትልቁን ቢጫ ሎሚ ሲሆን፣ በእኛ ገበያ የሚበዛው ግን ትንሹ፣ ልጣጩ ቀጭንና አረንጓዴ የሆነው፣ ፈረንጆች «ላይም» ብለው የሚጠሩት ዓይነት ነው። የእኛው ሎሚ ልጣጩ በእሳት ላይ ሲቆይ ይመራል። ብዙ ሥዕሎች ላይ እንደሚታየው ሎሚውን ክብ ክብ አድርጎ ከትፎ በዓሣው ላይ ደርድሮ መጋገር በቢጫው ሎሚ ያምራል፤ በእኛ ሎሚ ግን ምሬቱ ወደ ዓሣው ይወርዳል። ስለዚህ ቢጫ ሎሚ ያገኘ ሰው አንድ በቂው ነው፤ የአገሩን ሎሚ የሚጠቀም ሰው ሦስት ወይም አራት ፍሬ ወስዶ ጭማቂውን ብቻ ይጠቀም።

ጦስኙን የመረጥኩት ከነጭ ዓሣ ጋር እጅግ ስለሚስማማ ነው። በሻይ የምናውቀው የደጋው ጦስኝ ከውጭው ዘመዱ ጠንከር ያለ ጠረን አለው፤ በመዳፍ መካከል አሸት አሸት ሲያደርጉት ዘይቱ ይወጣል፣ ጠረኑም ይነቃል። የጥብስ ቅጠል በተቃራኒው ጉልበተኛ ስለሆነ አንድ ትንሽ ዘለላ ካለፈ ዓሣውን ይውጠዋል፤ ለበግ የለመደ እጅ እዚህ ላይ መቆጠብ አለበት። በሶብላ የሚወድ ሰው ጥቂት ቅጠል ሊጨምር ይችላል፣ ነገር ግን እንደ ድንብላል ቅጠሉ መጨረሻ ላይ ይግባ። እንደነዚህ ያሉ ለስላሳ ቅጠሎች ኦቨን ውስጥ ሲቆዩ ይጠቁራሉ፣ ጠረናቸውም በኖ ይጠፋል።

ማጽዳትና ማድረቅ

ዓሣው በፍሪዘር የቆየ ከሆነ ከዋዜማው ወደ ፍሪጅ ታችኛው ክፍል አውርደው ቀስ ብሎ እንዲቀልጥ ያድርጉ። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ማቅለጥ ውጩ ሞቆ ውስጡ በረዶ እንዲሆን ያደርጋል፤ ይህም ለጀርም የተመቸ ነው፣ ሥጋውንም ያላላዋል። ለዛሬ ከፈለጉት በላስቲክ በደንብ አሽገው በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ያስቀምጡት፤ ፊሌቶ ከሆነ አንድ ሰዓት ገደማ ይበቃዋል።

ፊሌቶውን መክተፊያ ላይ ዘርግተው በጣትዎ ጫፍ ከወፍራሙ ጎን ጀምረው በመካከሉ ይዳብሱት። በቆሮሶ ላይ ከፊተኛው ክፍል እስከ መሐል ድረስ የሚሄድ ቀጭን የእሾህ ረድፍ አለ፤ ሻጩ ያወጣው ቢመስልም ብዙ ጊዜ ይቀራል። በወረንጦ አንድ በአንድ መንቀል ወይም በስለታም ቢላ ከግራና ከቀኙ ቆርጦ ረድፉን እንዳለ ማውጣት ይቻላል። ሕፃናት ከሚበሉ ይህ ሥራ በጥድፊያ የሚታለፍ አይደለም።

ዓሣን በሎሚና በጨው አሽቶ ማጠብ የቆየ ልማድ ነው፤ ምክንያትም አለው። የሐይቅ ዓሣ አንዳንድ ጊዜ የጭቃ ጠረን ይኖረዋል፤ ይህ ጠረን የሚመጣው በውኃው ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን ነፍሳት ከሚያመነጩት ጂኦስሚን ከሚባል ውሕድ ነው፣ የሎሚ አሲድም ይህንን ውሕድ ያዳክመዋል። ስለዚህ ጠረኑ ካለ በአንድ ሎሚ ጭማቂና በቁንጥር ጨው ቶሎ አሽተው ወዲያው በቀዝቃዛ ውኃ ያለቅልቁት፤ ከሁለት ደቂቃ በላይ አያቆዩት። ጠረን ከሌለው ማሸቱ አያስፈልገውም። በሚታጠብበት ጊዜ ውኃው ወደ ሰላጣውና ወደ ዳቦው እንዳይረጭ መጠንቀቅ፣ ከዚያም መክተፊያውንና እጅን በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የሚመጣው ማድረቅ ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘልለው ይህንን ነው። በሶፍት ወይም በንጹሕ ጨርቅ ሁለቱንም ጎን ተጫን ተጫን አድርገው ውኃውን ይምጠጡ። እርጥብ ዓሣ ኦቨን ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚሆነው በራሱ ውኃ መቀቀል ነው፤ ቅመሙም ከውኃው ጋር ተንሸራትቶ ትሪው ላይ ይቀራል። ካደረቁት በኋላ ጨውን በሁለቱም በኩል ነስንሰው 15 ደቂቃ ያህል ይተዉት። ጨው ወደ ሥጋው ዘልቆ ሲገባ ሥጋው ውኃውን አጥብቆ እንዲይዝ ይረዳዋል። ከ15 ደቂቃ በኋላ ላዩ ላይ የወጣውን ርጥበት አንድ ጊዜ ደግመው ይምጠጡት።

ሎሚው ለምን ይቆያል?

የሎሚ ጭማቂ ጥሬ ዓሣ ላይ ሲፈስ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ብርሃን አሳላፊ የነበረው ሥጋ ወደ ነጭ ሲለወጥ ይታያል። አሲዱ እሳት እንደሚያደርገው ሁሉ የሥጋውን ፕሮቲን ቅርጹን ለውጦ ያጨማድደዋል፤ ሲጨማደድም ውኃው ይወጣል። ይህ ማለት በሎሚ ተዘፍዝፎ ያደረ ፊሌቶ ኦቨን ውስጥ ሲገባ ሁለተኛ ጊዜ እየበሰለ ነው። ውጤቱም ደረቅና አሸዋማ ሥጋ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት፤ ሎሚ የሥጋውን መልክ ይለውጥ እንጂ በጥሬ ዓሣ ውስጥ ያሉ ጀርሞችንና ጥገኛ ትላትልን እንደ እሳት አይገድልም። «በሎሚ በስሏል» ተብሎ በጥሬው የሚበላ የሐይቅ ዓሣ ጥሬ ዓሣ ነው።

ሥራው ስለዚህ ይከፈላል። ቢጫ ሎሚ ያለው ሰው የልጣጩን ላይኛ ቢጫ ክፍል ብቻ፣ ነጩን ሳይነካ፣ በመፈቅፈቂያ ፈቅፍቆ ከዘይቱ ጋር ያዋህደው፤ የሎሚው ጠረን ያለው እዚያ ነው፣ አሲድም ስለሌለው ዓሣውን አይጎዳም። ጭማቂው ግን ዓሣው ከኦቨን እስኪወጣ ይጠብቃል። እንዲህ ሲደረግ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ይገኛል፤ ሥጋው ውኃውን ይዞ ይቆያል፣ ሙቀት የሚያጠፋው የሎሚው ቫይታሚን ሲም በአብዛኛው ይተርፋል።

መጋገር

ኦቨኑን በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያሙቁ። ዓሣው የሚገባው ኦቨኑ በሚገባ ከጋለ በኋላ ነው፤ በቀዝቃዛ ኦቨን ከገባ ሙቀቱ እስኪደርስ ድረስ ውኃውን እያንጠባጠበ ይቆያል።

ዓሣውና አትክልቱ እኩል ጊዜ አይፈልጉም። ቀይ ሽንኩርት ለስልሶ ጣፋጭ ለመሆን ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲፈልግ ቆሮሶ በ10 ደቂቃ ያልቃል፤ አንድ ላይ ከገቡ ወይ ሽንኩርቱ ጥሬ ይሆናል ወይ ዓሣው ይደርቃል። ስለዚህ ሽንኩርቱን በቀጭኑ ክብ ክብ አድርገው፣ ቲማቲሙን ወፈር አድርገው፣ ቃሪያውን በቁመቱ ሰንጥቀው በአንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይትና በቁንጥር ጨው ለውሰው በትሪው ላይ ያንጥፉና ብቻቸውን 20 ደቂቃ ይጋግሯቸው። ጠርዛቸው ቀላ ሲልና የቲማቲሙ ውኃ ሲመጠጥ አልጋው ተዘጋጀ ማለት ነው። የጥብስ ቅጠሉን ዘለላ እዚህ መካከል ያስቀምጡት፤ ሲያበቃ አውጥተው ይጥሉታል።

እስከዚያው ነጭ ሽንኩርቱን ከጦስኙና ከቁንዶ በርበሬው ጋር በሙቀጫ ወቅጠው በቀሩት ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ያዋህዱት። ነጭ ሽንኩርት በዓሣው ላይ ደረቅ ሆኖ ከተነሰነሰ በ200 ዲግሪ ቶሎ ያርርና ይመራል፤ በዘይት ተሸፍኖ ሲገባ ግን አይጎዳም። የውህዱን ሲሶ ለመጨረሻው ያስቀምጡና የቀረውን በፊሌቶው ሁለት ጎን በእጅዎ ይቀቡት። ቀጭን የሆነ የጭራ በኩል ጫፍ ካለ ወደ ውስጥ አጥፈው ውፍረቱን ከሌላው ጋር ያስተካክሉ። ከዚያም ፊሌቶዎቹን ሳይደራረቡ በአትክልቱ ላይ አስተኝተው ወደ ኦቨኑ መካከለኛ መደብ ይመልሱት።

ጊዜውን የሚወስነው ክብደቱ አይደለም፣ ውፍረቱ ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ላለው የቆሮሶ ፊሌቶ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ለሚሆን የነጭ ዓሣ ቁራጭ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ፣ ከ500 እስከ 600 ግራም ለሚመዝን ሙሉ ቆሮሶ ደግሞ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ መነሻ ይሁንዎ። ኦቨኖች እርስ በርሳቸው ስለሚለያዩ ግን ከዝቅተኛው ቁጥር ሁለት ደቂቃ ቀድመው ከፍተው ይመልከቱ። በወፍራሙ ክፍል ላይ ሹካ አስገብተው ትንሽ ሲያዞሩት ሥጋው ያለ ትግል በንብርብሩ የሚለያይ ከሆነና መሐሉ መስታወት መምሰሉን ትቶ ነጭ ከሆነ በስሏል። ቴርሞሜትር ያለው ሰው መሐሉ 63 ዲግሪ ሲደርስ ያውጣው። ሥጋው በሹካ ሳይነካ በራሱ ከተሰነጣጠቀና በላዩ ላይ ነጭ አረፋ መሳይ ነገር ከበዛ ጊዜው አልፏል።

ዓሣ ከበግና ከበሬ ሥጋ ለምን እንዲህ እንደሚለይ ለጠየቀ፣ መልሱ በአኗኗሩ ነው። በውኃ ተደግፎ የሚኖር እንስሳ ክብደቱን የሚሸከም ጠንካራ ጅማት አያስፈልገውም፤ የሥጋውን ንብርብሮች የሚያያይዘው ኮላጅን ጥቂትና ስስ ስለሆነ በዝቅተኛ ሙቀት ይቀልጣል። የበሬ ሥጋ ሰዓታት የሚፈልገው ያንን ጅማት ለማላላት ነው። በዓሣ ላይ የሚላላ ነገር ስለሌለ ተጨማሪው እሳት የሚያደርገው ውኃውን ማውጣት ብቻ ነው፤ በነጭ ዓሣ ደግሞ ድርቀቱን የሚሸፍን ስብም የለም።

በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ርጥበትም ከዝቅተኛ ቦታ በበለጠ ፍጥነት ይተናል። ዓሣው ሊደርስበት የሚገባው 63 ዲግሪ ስለሆነ የመጋገሪያው ጊዜ እምብዛም አይለወጥም፤ ነገር ግን በደጋ ከተሞች ለምንኖር ሰዎች ቀጫጭኑን ፊሌቶ በመጋገሪያ ወረቀት ጋረድ ማድረግ ይጠቅማል። ፎይል የሚጠቀም ሰው ቲማቲምና ሎሚ ፎይሉን በቀጥታ እንዳይነኩ በመካከሉ ወረቀት ያድርግ፤ አሲድ አሉሚኒየምን ያሟሟዋል።

ትሪው ከወጣ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይረፍ። የቆየውን የነጭ ሽንኩርትና የጦስኝ ዘይት ጣል ያድርጉበት፣ የድንብላል ቅጠሉን በደቃቁ ከትፈው ይነስንሱ፣ በመጨረሻም ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሚሆን የሎሚ ጭማቂ በላዩ ያፍስሱ። በመጨረሻ የሚገባው ዘይት ውስጥ ያለው ነጭ ሽንኩርት ጥሬ ስለሆነ የማይወዱ ሰዎች አስቀድመው በትንሽ መጥበሻ ለግማሽ ደቂቃ ያሙቁት። የትሪው ሥር የቀረው የአትክልትና የዓሣ መረቅ የማዕዱ ምርጥ ክፍል ነውና በማንኪያ እየጨለፉ በዓሣው ላይ ይመልሱት።

ኦቨን በሌለበት ቤት

እናቶቻችን ድፎ ዳቦን በኮባ ጠቅልለው ከላይና ከታች እሳት አድርገው ሲጋግሩ የኖሩት ያለ ኦቨን ነው፤ ዓሣም በዚያው ጥበብ ይጋገራል። የኮባ ቅጠሉን በእሳት ላይ ለብለብ አድርገው ካለሰለሱት በኋላ መካከለኛውን አንጓ አውጥተው በጨው፣ በጦስኝ ዘይቱና አስቀድሞ በመጥበሻ በለሰለሰ ሽንኩርት የተዘጋጀውን ፊሌቶ ጠቅልለው ይሰሩት። በኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ አስቀምጠው አክንባሎውን ከደፉበት በኋላ ቆሮሶ ከሆነ በየጎኑ ስድስት ደቂቃ ያህል፣ ወፍራም ነጭ ዓሣ ከሆነ በየጎኑ ዘጠኝ ወይም ዐሥር ደቂቃ ያቆዩት፤ ከዚያም አንዱን ጥቅል ፈትተው በሹካ ይፈትሹ። የምጣዱ ሙቀት መካከለኛ ይሁን፤ እንጀራ የሚጋገርበት ግለት ቅጠሉን ያሳርረዋል። በዚህ መንገድ የሚሠራው ዓሣ በራሱ እንፋሎት ስለሚበስል ላዩ አይቀላም፣ ለስላሳነቱ ግን ከኦቨኑ ይበልጣል፤ የኮባውም ጠረን ይከተለዋል። እኔ ሁለቱም በቤቴ እያሉ ለእንግዳ የምመርጠው ይህንኛውን ነው።

በውስጡ ያለው ምግብነት

100 ግራም ጥሬ የቆሮሶ ፊሌቶ በአማካይ 96 ካሎሪ፣ 20 ግራም ፕሮቲንና ከ2 ግራም ያነሰ ስብ አለው። ዓሣው እንደተያዘበት ሐይቅና እንደበላው መኖ ቁጥሮቹ ጥቂት ይለዋወጣሉ። በዚህ መመሪያ መሠረት ለአራት በተከፈለው ማዕድ አንድ ሰው የሚደርሰው 175 ግራም ዓሣ ብቻውን 35 ግራም ያህል ፕሮቲንና 170 ያህል ካሎሪ ሲሰጥ፣ ዘይቱ ለእያንዳንዱ ሰው 90፣ አትክልቱ ደግሞ 25 ገደማ ካሎሪ ይጨምራሉ። በድምሩ 285 ካሎሪ ገደማ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ መያዙን ስናስብ በጥልቅ ዘይት መጥበስ የማዕዱን ሚዛን ምን ያህል እንደሚለውጠው መገመት ይቻላል።

የዓሣው ትልቁ ስጦታ ግን ከካሎሪው ሌላ ነው። በዚሁ አንድ ድርሻ ውስጥ ለአንድ ዐዋቂ በቀን ከሚያስፈልገው 55 ማይክሮ ግራም በላይ ሴሌኒየም እና ከሚያስፈልገው 2.4 ማይክሮ ግራም የማያንስ ቫይታሚን ቢ12 ይገኛል፤ በማብሰል ጥቂቱ ቢቀንስም ብዙው ይቀራል። ቫይታሚን ቢ12 በጥራጥሬና በአትክልት ውስጥ ስለማይገኝ ሥጋና ወተት አዘውትሮ ለማይመገብ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የቫይታሚን ዲም የቀኑን ፍላጎት ሲሶ ያህል ይሸፍናል፣ ፎስፈረስና ፖታሲየምም አለው። በብረት ማዕድን ግን ደካማ ነው። ከጎኑ ጎመን ወይም ምስር ሲቀርብ ዓሣውና ከላይ የፈሰሰው ሎሚ በጎመኑና በምስሩ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት በተሻለ እንዲቀበለው ይረዳሉ፤ ይህን ማዕድ ያለ ጎመን ማቅረብ የማልወደው ለዚህ ነው።

ብዙ ጊዜ በማስታወቂያ የሚነገረው ኦሜጋ ሦስት ላይ እውነቱን መናገር ይገባል። ቆሮሶ ስቡ ትንሽ ስለሆነ በ100 ግራም ውስጥ ያለው የዓሣ ኦሜጋ ሦስት ከ0.1 ግራም እምብዛም አይበልጥም፤ በሱቅ የሚሸጠው የታሸገ ሰርዲን ወደ 1 ግራም አለው። ለልብ ብሎ ኦሜጋ ሦስት የሚፈልግ ሰው በሳምንቱ አንዱን ቀን ሰርዲን ቢመገብ ዓላማውን ያገኛል፣ ቆሮሶውንም ለፕሮቲኑና ለቢ12ቱ ይብላው።

በዓሣ ሥጋ ውስጥ ሊጠራቀም የሚችለውን ሜርኩሪ የተባለ መርዛማ ብረት በተመለከተ ቆሮሶ በዋነኛነት በውኃ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ዕፅዋትን የሚመገብ በመሆኑ በሰውነቱ የሚያከማቸው አነስተኛ ነው። ነጭ ዓሣ ሌሎች ዓሦችን የሚበላ አዳኝ ስለሆነ፣ በተለይ በጣም ትላልቅ የሆኑት፣ የበለጠ ሊይዙ ይችላሉ። ለነፍሰ ጡሮችና ለሕፃናት ስለዚህ ቆሮሶ ይመረጣል፤ ለነፍሰ ጡር ሴት ሜርኩሪው አነስተኛ ከሆነ ዓሣ በሳምንት ከ225 እስከ 340 ግራም እንዲመገቡ ይመከራል። ለዓሣ አለርጂ ያለበት ሰው ግን በየትኛውም አሠራር ሊቀምሰው አይገባም። የጨው መጠንም እንዳይረሳ፤ በዚህ ማዕድ ለአንድ ሰው 1.5 ግራም ገደማ ጨው ይደርሳል፣ የዓለም የጤና ድርጅት ለዐዋቂ የሚመክረው ደግሞ በቀን ከ5 ግራም በታች ነው። አዋዜ ወይም ዳጣ የሚጨምር ሰው በእነርሱ ውስጥ ያለውን ጨው አስቦ ከዓሣው ላይ ይቀንስ።

ማዕዱ ቅቤ የሌለበት ስለሆነ በጾም ዓሣ የሚመገቡ ሰዎችም ይሠሩታል። በጾም ዓሣ መብላትን በተመለከተ በምእመናን ዘንድ አንድ ዓይነት ልማድ ስለሌለ ያንን ለየሰዉ ሕሊናና ለንስሐ አባቱ እተዋለሁ። በዐቢይ ጾም ፈላጊው ስለሚበዛ ዋጋው እንደሚንር ግን ማሰብ ይበጃል፤ ፍሪዘር ያለው ሰው ቀደም ብሎ ቢገዛ ያተርፋል።

ማቅረብና ማስቀመጥ

ከተቀቀለ ድንች፣ ከሩዝ ወይም ከዳቦ ጋር ይሄዳል፤ በደቡብ እንደሚደረገው ከቆጮና ከዳጣ ጋርም እጅግ ይስማማል። በእንጀራ ለሚበላ ሰው ከትሪው የቀረውን መረቅ በዛ አድርጎ ማፍሰስ ያስፈልጋል፣ አለበለዚያ ይደርቅበታል።

ጥሬው ዓሣ ከ4 ዲግሪ በማይበልጥ ፍሪጅ ውስጥ ከሁለት ቀን በላይ አይቆይ። የተጋገረው ከገበታ ከተነሣ በኋላ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ወደ ፍሪጅ ይግባ፣ እስከ ሦስት ቀንም ይበላ። በማግስቱ እንደገና ኦቨን ውስጥ ማስገባት ያደርቀዋል፤ ይልቁንም መረቁን ከጥቂት ውኃ ጋር በድስት አፍልተው ዓሣውን ከላይ አስቀምጠው ከድነው በእንፋሎቱ እስኪግል ድረስ ያሙቁት። ያለዚያም እሾህ እንዳይኖር በእጅ እየዳበሱ ፈርፍረው ከቀዘቀዘ ድንች፣ ከቃሪያ፣ ከቀይ ሽንኩርትና ከአዲስ የተጨመቀ ሎሚ ጋር ሰላጣ ያድርጉት።